ሃያ ሦስተኛው ምሰሶ

ጓዴ ዘመነ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከቤቱ ሲወጣ ያየ ሰው እንጨት ሊፈልጥ የሚሄድ ይመስለዋል። እሱ ግን የሚፈልጠው ነገር የለውም። ከቢቸና ዳር በምትገኘው ሰፈሩ የቆሙትን የመብራት ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየዞረ፣ በመጥረቢያው ጀርባ እግራቸው ላይ ጓ! ያደርጋቸዋል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጠዋት ዞሮ ሲያበቃ ከሰዓት ደግሞ ይዞራል። እንጨት በግማሽ ቀን አይበሰብስ፣ ምን ፍለጋ እንደሚዞር ጎረቤቱ ሁሉ ግራ ገባው። "ጓዴ ከምሰሶ ጋር መመካከር ጀመረ" እያሉ ሳቁበት።

ምሰሶዎቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ጓዴ የሚመታው ግን ሃያ ሁለቱን ብቻ ነው። ይህን ያወቀች ሚስቱ ይርጋነሽ ነበረች። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናትና ባሏ ከሚያደርገው ይልቅ የሚሸሸውን ቶሎ ታያለች።

"የትምህርት ቤቱን በር ምሰሶ ለምንድን ነው የምትዘለው?" አለችው አንድ ቀን፣ ሽሮ አቅርባለት እጁን እስኪታጠብ ስትጠብቅ።

"ማን ዘለለው?"

"አንተ። ትናንትም ዘለልኸው፣ ዛሬም ዘለልኸው። ዞር ብለህም አታየው።"

"ምሰሶ ቁጠሪ ብሎ የላከሽ አለ?" ብሎ ተቆጣና ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ተነሥቶ ወጣ። ይርጋነሽ ሳህኑን ከደነችው።

ለነገሩ ጓዴ የሚታወቀው በምሰሶ ነው። የተወለደው በጉንደ ወይንና በሞጣ መካከል ካለች አንዲት ገጠር ነው። ጎረምሳ ሳለ ሞጣ ላይ መስመር ሲዘረጋ ምሰሶ ለመሸከም ተቀጠረ። ሥራው ሲያልቅ ጓደኞቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ እሱ አንድ ሽማግሌ ፎርማን እየተከተለ ሙያውን ቀሰመ። ባሕር ዛፍ እንደተቆረጠ አይተከልም፤ ይላጣል፣ በጥላ ይደርቃል። ከዚያ መሬት የሚገባው እግሩ ላዩ ከሰል እስኪሆን ድረስ በእሳት ይለበለባል። ትኩስነቱ ሳይበርድ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይጠጣል። እንዲህ የተደረገለትን ምሰሶ የቢቸና መረሬ አፈር ክረምቱን ሙሉ ውኃ ቋጥሮ ቢቀመጥበትም አይደፍረውም። ጓዴ ይርጋነሽን አግብቶ ቢቸና ከገባ ወዲህ በርና መስኮት እየሠራ፣ ጣሪያ እየማገረ ነው የኖረው። ሰው ግን አሁንም "ጓዴ ምሰሶ" ነው የሚለው፤ እሱም ስሙን ይወደዋል።

የዛሬ ስምንት ዓመት ሰፈሩ መብራት ሲጠይቅ የመብራት ቢሮው "ሽቦ አለን፣ ምሰሶ የለንም፤ በጀት ጠብቁ" አለ። ሰፈርተኛው ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ከየጓሮው ባሕር ዛፍ አዋጣና በደቦ ተነሣ። ጓዴ አለቃ ሆነ። ያን ጊዜ ያየው ደስታ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ ሐጂውም ዲያቆኑም እጅጌውን ሰብስቦ "ጓዴ፣ ይኼስ ይበቃዋል?" እያለ ይጠይቀው ነበር። ሃያ ሁለቱን እንደ ደንቡ ለብልቦ፣ ዘይት አጠጥቶ አስተከለ።

የሃያ ሦስተኛው ተራ በመብራቱ ምረቃ ዋዜማ ደረሰ። በማግስቱ እንግዶች ይመጣሉ፣ ሪባን ይቆረጣል። እሳቱ ገና ሲያያዝ ያልታሰበ የሚያዝያ ዝናብ ዱብ አለና አጠፋው። ደግመው አያያዙት፤ ደግሞ ጠፋ። ሰዉ እስኪያባራ ብሎ ወደየጥላው ገባ፤ ጓዴ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ ያደረገውን ማንም አላየም። ከሰል በእጁ አደቀቀ፤ ከጄሪካኑ ሥር በተረፈችው ዘይት ለወሰና የምሰሶውን እግር ቀባው። ሰዎቹ ሲመለሱ ተለብልቦ ያለቀ መሰላቸውና ተሸክመው ተከሉት። "እንግዶቹ ይሂዱና እመለስበታለሁ" አለ ጓዴ በልቡ። ምሰሶው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ሽቦ ታሰረበት፤ ጓዴም አልተመለሰበትም።

ደግሞ መደለያ አላጣም። ያለፉት ዓመታት ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ የኖረባቸው ናቸው። በሩ ላይ ልጅ ከሌለ፣ ምሰሶ ቢወድቅ ማንን ይጎዳል? እያለ ራሱን ሲያታልል ከረመ። ዘንድሮ ግን ትምህርት ሊጀመር ነው ተባለ። ምዝገባው በነሐሴ ተጀመረ፤ በሩ በእናቶችና በልጆች ተሞላ። በዚያው ሰሞን በላይኛው ሰፈር፣ ቢሮው ራሱ በተከለው በአሮጌው መስመር ላይ አንድ ምሰሶ በዝናብ ወደቀ። ሽቦው ርጥብ ሣር ላይ ተዘረጋ፤ ከግጦሽ የሚመለሰው የወይዘሮ ምስራቅ ቦራ በሬ ረገጠው። በሬው ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አላሰማም አሉ። ጓዴ ሄዶ ካየው በኋላ ነው መጥረቢያውን አንሥቶ መዞር የጀመረው።

ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ሽማግሌ መርቀው እንደከፈቱ አዳራሹ በጥያቄ ተሞላ፤ ቤቱም ሦስት ቦታ ተከፈለ። መምህርት ትርሲት ቀድማ ተነሣች።

"ይኼ መብራት ከሩቅ ይመጣል" አለች። "ሲጠፋ ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም፣ ሲገድልም ማንን እንደምንከስስ አናውቅም። ፀሐይ ግን እዚሁ ናት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሶላር እናስተክል፤ በራሳችን ኮሚቴ እንምራው።"

"እሜቴ፣ ሶላርሽ ስልክ ይሞላል፣ አምፖል ያበራል፣ እሰየው" አላት አካለ ወልድ፣ የሰፈሩ ወፍጮ ባለቤት። ትልቅ ሰውነትና ከሰውነቱ የሚበልጥ ድምፅ ያለው ሰው ነው። "እኔ የምፈጨው ግን ጤፍ ነው! ሐምሌና ነሐሴ ደመና ሲውል ሕዝቡ እህሉን በጥርሱ ይፍጭ? ወደ ናፍጣ እንመለስ እንዳልል መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ናፍጣ የለም። መንግሥት የኮንክሪት ምሰሶ ያምጣ፣ ሌላ ወሬ የለም።"

ከኋላ ደግሞ "ናፍጣ ሰው ገድሎ አያውቅም!" የሚል ተነሣ። ተጯጯሁ። ወይዘሮ ምስራቅ ነጠላዋን አደግድጋ እስክትቆም ድረስ የሚደማመጥ አልነበረም።

"እናንተ በፀሐይና በናፍጣ ተከራከሩ" አለች። "የኔን ቦራ የገደለው የበሰበሰ እንጨት ነው። ያ እንጨት መበስበሱን ማየት የነበረበት ማነው? እሱን ንገሩኝና ቤቴ ልግባ።"

ዓይን ሁሉ ወደ ምናለ ዞረ። ምናለ የመብራቱ ቢሮ ኃላፊ ነው፤ ከሉማሜ ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሲጨንቀው እንደ ደብዳቤ ይናገራል።

"በአሮጌው መስመር ላይ የታየውን ክፍተት ለበላይ አካል አሳውቀናል" አለ። "የናንተን ሰፈር በተመለከተ ግን፣ ምሰሶውን የተከለው ሕዝቡ ራሱ ነው። የጥራት ማረጋገጫ የለውም። አደጋ ቢደርስ ቢሮው ኃላፊነት ለመውሰድ ይቸገራል።"

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። "ተረክባችሁ የለም ወይ!" "ክፍያ ስትቀበሉ የማን ነው አላላችሁም!" አካለ ወልድ ወንበር ላይ ወጣ። "የናንተ ወደቀ፣ የጓዴ ግን ቆሟል!" ብሎ ጮኸ። "ሃያ ሦስቱም! በሰፈሩ ሕዝብ ፊት ተለብልቦ የተተከለ ነው። አያ ጓዴ፣ ይነሡና ይንገሩት!"

ጓዴ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ገና ሳይናገር ሰዉ አጨበጨበለት። ተመልሶ ተቀመጠ።

ስብሰባው ሳይበተን ተስማሙ። ለበላይ የሚላክ አቤቱታ ይጻፋል፤ ቢሮው የሕዝቡን መስመር የኔ ነው ብሎ ኃላፊነት ይውሰድ፣ አሮጌው ይለወጥ። ማስረጃው ያው ነው፤ ሕዝቡ ደንቡን ጠብቆ ተክሏል፣ ሃያ ሦስቱም ምሰሶ ጤነኛ ነው። ትምህርት ሰኞ ሊጀመር እሑድ ጓዴ በሕዝብ ፊት ይመሰክራል፣ ይፈርማል።

እንግዲህ የሰውየውን ጣጣ ተመልከቱ። ዝም ቢል ሰኞ ልጆቹ ከዚያ ምሰሶ ሥር ይጋፋሉ። ቢናገር ስሙ ይጠፋል፤ ስሙ ብቻ ቢሆን ምን ገዶት፣ ሰፈሩ የሚከራከርበትን ማስረጃ አንሥቶ ለምናለ ማስታቀፉ ነው። መንግሥትን ተጠያቂ ለማድረግ ስንት ዓመት የለፋ ሕዝብ በአንድ የራሱ ሰው አፍ ሊረታ ነው። ቢቀመጥ የማይመቸው፣ ቢተኛ የሚገላበጥ ሰው ሆነ። መሐል መንገድ ፈለገ። ምሰሶውን በድብቅ ቢለውጠውስ? ከጓሮው ሁለት ዓመት የደረቀ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ አለው። የጎደለው ዘይቱ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ዘይት ከጠየቀ ደግሞ ወሬ ይነሣል።

ሐሙስ ማለዳ መኪና ተሳፍሮ ሞጣ ሄደ። አብዱራዛቅ የሚባል የጎረምሳነት ወዳጁ እዚያ ጋራዥ አለው፤ ያን ጊዜም ዘይቱን የሚሰጠው እሱ ነበር። አብዱራዛቅ ሳመውና ጄሪካኑን አየ።

"ለስንት ምሰሶ ነው?"

"ለአንድ።"

"ለአንድ ምሰሶ ከቢቸና ሞጣ?" አብዱራዛቅ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቁልቁል አየው። "ጓዴ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ጤና የለውም።"

ጓዴ ለሚስቱ ያልነገረውን ለሱ ነገረው። አብዱራዛቅ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ጄሪካኑን ሞልቶ አመጣለት።

"ዘይቱ ይኸው" አለው። "መብራቱን ማን ያጠፋልሃል?"

"እ?"

"ሽቦው ላይ ኃይል እያለ ምሰሶ ትነቅላለህ? ለማስጠፋት ማመልከቻ ትጽፋለህ። ማመልከቻው ምክንያቱን ይጠይቅሃል። ስለዚህ ይኼ ነገር በድብቅ አይሆንም፤ ተወው። ተናገርና ገላግለው።"

"መብራቱ እንደሆነ በየቀኑ ይጠፋል" አለ ጓዴ። "ሲጠፋ ጠብቄ እገባበታለሁ።"

አብዱራዛቅ ተናደደ። "ሲመለስስ ይነግርሃል? አላህ ያውቃል፣ አስከሬንህን ነው የሚያነሡት" ብሎ ጀርባውን ሰጠው። መኪናው እስኪነሣ ግን ቆሞ ሸኘው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ጓዴ ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። በቀን አሥር ጊዜ የሚጠፋው መብራት ዓርብ ጠዋት ዶማና ጄሪካን ይዞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ከተቀመጠ ጀምሮ አልጠፋ አለ። የአካለ ወልድ ወፍጮ ከማዶ ሲያጓራ ዋለ። ወፍጮው ካጓራ መብራት አለ ማለት ነው። ጓዴ ጆሮውን ወፍጮው ላይ ተክሎ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። አላፊ አግዳሚው "እንደምን ዋልህ፣ ምሰሶ ትጠብቃለህ?" እያለ ያሾፍበታል። አምላኩን ለመነ፤ ሰው መብራት ይምጣ ብሎ ሲለምን እሱ ይጥፋ ብሎ ለመነ።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወፍጮው ዝም አለ። ጓዴ ዘሎ ተነሣና ዶማውን ከምሰሶው እግር አሳረፈ። ሁለቴ ብቻ ቆፈረ። ሦስተኛው ምት አፈር ስቶ እንጨቱን አገኘው፤ ዶማው እስከ እጀታው አንገት ድረስ ያለ ድምፅ ገባ። ሲስበው ቡናማ፣ ርጥብ፣ እንደ ጉሽ ጥንስስ የሚሸት ብስባሽ ይዞለት ወጣ። ምሰሶው ከላይ ሲጢጥ አለ። በዚያች ቅጽበት ወፍጮው ማጓራት ጀመረ። ጓዴ ዶማውን ጥሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተና በቂጡ ተቀመጠ። ምሰሶውን ይዞት የቆመው እግሩ አልነበረም። ግራና ቀኝ የታሰሩት ሽቦዎች ተንጠልጥሎ እንዲቆም አድርገውት እንጂ ከወደቀ ቆይቷል።

ቤቱ ሲገባ ይርጋነሽ እጁ ላይ የተጣበቀውን ብስባሽ አየች። አሁን ሳትጠይቀው ነገራት።

"ስምንት ዓመት" አለች። "እኔም እኮ ያንተን ስም ይዤ ነው በዚህ ሰፈር ቀና ብዬ የሄድኩት።" ከዚያ ተነሥታ የእሑድ ልብሱን አውጥታ አናፈሰችለት።

እሑድ አዳራሹ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ሞላ። አቤቱታው ተነበበ። ትርሲት አሳምራ ጽፋዋለች። ምናለ ጥግ ይዞ በደብተሩ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። "አያ ጓዴ ቀርበው ይመስክሩልን" ተባለ። ጭብጨባው ተነሣ።

"አታጨብጭቡ" አለ ጓዴ። "ሃያ ሁለቱ ደኅና ናቸው። ሃያ ሦስተኛውን አልለበለብሁትም። የትምህርት ቤቱን በር። ዝናብ ነበር፣ በማግስቱ ምረቃ ነበር። ከሰል ቀብቼ አታለልኋችሁ። ትናንት ዶማ ነካሁበት፣ እግሩ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ የገባው አካለ ወልድ ነው። "ገደልኸን!" አለ፤ "አንቱ" ማለቱን እዚያው ላይ ተወው። "ጓዴ፣ ገደልኸን! አሁን ምን ይዘን ነው የምንሟገተው?" ከሴቶቹ በኩል "ልጆቻችን ከሥሩ ሲያልፉ ስምንት ዓመት ታያለህ?" የሚል ጩኸት መጣ። ወይዘሮ ምስራቅ አልጮኸችም። "እኔ የሞተብኝ በሬ ነው" ብቻ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጓዴን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለው እሱ ነበር።

ምናለ ብዕሩን አንሥቶ ፊቱ በርቶ ነበር። "ስለዚህ ጉድለቱ የሕዝቡ መሆኑ ይመዝገብ?" አለ።

"መዝግብ" አለው ጓዴ። "የኔን ስም ጻፈው፤ ጓዴ ዘመነ ዋሸ በል። ከሥሩ ደግሞ ይኼንን ጻፍ። ቢሮው መስመሩን ከተረከበ ስምንት ክረምት አለፈ። በስምንት ክረምት አንድ ሰው መጥቶ ያንን እንጨት በመጥረቢያ ጀርባ አንድ ጊዜ ቢመታው ኖሮ የኔ ውሸት በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር። እኔ ስፈራ ነበር የኖርሁት፤ ነገ ይመጣሉ፣ ነገ ይደርሱብኛል እያልሁ። ማንም አልመጣም። እኔ የምለበልበውን አልለበለብሁም፣ እናንተም የምታዩትን አላያችሁም። ሁለቱንም ጻፈው፤ በሁለቱም ሥር እፈርማለሁ። በአንዱ ብቻ ግን አልፈርምም።"

የምናለ ብዕር ቆመ። አዳራሹ ሁሉ ወደሱ ዞረ።

"ጻፈው እንጂ" አለችው ትርሲት።

ምናለ ጎንበስ አለና ጻፈ። ሲጨርስ ደብተሩን ጮክ ብሎ አነበበው። ጓዴ ፈረመ። ከዚያ "አሁን ደውልና መብራቱን አስጠፋልኝ" አለው። "ነገ ልጆች ይመጣሉ።"

ሰንበት ነው ያለም ነበር፤ ሰብሳቢው ሽማግሌ ገሠጹት። መብራቱ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ የቢሮው ሠራተኞች ሽቦውን ፈቱ። ገመድ ታሰረ። ጓዴ "ሳቡ" ከማለቱ በፊት ምሰሶው በገዛ ክብደቱ ዞር ብሎ በሩ ፊት፣ ልጆች ሰልፍ በሚጠብቁበት ቦታ ላይ ተጋደመ። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። ሰዉ ከብቦ አየው። ከዚያ ጓዴን ዞር ብሎ ያየው የለም፤ አጠገቡ የቆመው ሁሉ ቀስ እያለ ራቀ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ማንም አልጠራውም። ይርጋነሽ የሰፈሩ ሰዎች ያንን የደረቀ ባሕር ዛፍ ከጓሮ ሲወስዱ አየች፤ ጄሪካኑንም ራሷ አቀበለቻቸው። ጓዴ ጭሱ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲነሣ ከቤቱ ደጃፍ መቀመጥ አቃተው። ሄደና ከአጥሩ ውጪ ቆመ። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው በጀርባ በኩል ይገባሉ። አካለ ወልድ የፊቱን ላብ እየጠረገ እሳቱን ይቆሰቁሳል፤ ምናለ እንኳ ሸሚዙን ሰብስቦ ገለባ ያቀብላል።

ቸኩለዋል። የትምህርት ቤቱ ደወል ከመደወሉ በፊት ሊተክሉት ነው። አራት ሆነው ምሰሶውን ከእሳቱ አወጡት። ጓዴ ከሩቅ አየው፤ እግሩ ገና ቡናማ ነው፣ አልጠቆረም። አንዱ ጄሪካኑን ከፈተ።

ጓዴ ዝም ሊል ፈለገ። አሁን እሱ ማን ሆኖ ነው? አልቻለም።

"ገና ነው!" ብሎ ጮኸ። "ዘይት እንዳታስነኩት! መልሱት፣ ገና ነው!"

ማንም ዞሮ አላየውም። አካለ ወልድ ጀርባውን እንደሰጠው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ጎንበስ አለና ምሰሶውን ከሰዎቹ ጋር ወደ እሳቱ መለሰው። ጓዴ አጥሩን ይዞ የምሰሶው እግር ከሰል እስኪሆን ድረስ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ጠበቀ።